ኮምፒውተር ላይ ብቅ ብቅ የሚሉ ማስታወቂያዎችን ማስቆሚያ፦ ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

«ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገባበት መሰለኝ፤ ማስታወቂያ ብቅ እያለ አላሠራ አለኝ። ምን ላድርግ?» ይህን ጥያቄ በየጊዜው እጠየቃለሁ። አንዱ ከአዲስ አበባ ይጠይቀኛል፣ ሌላዋ ከሪያድ፣ ሌላው ደግሞ አሜሪካ ያሉ እናቱን ለመርዳት ብሎ። ስክሪንሹት ሲልኩልኝ ግን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ስክሪኑ ላይ ታች በቀኝ ጥግ ትንሽ ሳጥን፣ ቀይ ምልክት፣ ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ለሁላችሁም የሚሆነውን መልስ አንድ ላይ ጻፍኩላችሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይሄ ብዙ ጊዜ ቫይረስ አይደለም። ሳናስተውል ለአንድ ዌብሳይት የሰጠነው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ዳውንሎድ ከማድረጋችሁ፣ ለማንም ብር ከመክፈላችሁ፣ ኮምፒውተሩንም ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሞክሩ። ያስቀመጥኩት ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። ብዙዎቻችሁ ደረጃ 2 ላይ ትገላገላላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለበት ኮምፒውተር። ማክ ያላችሁም የብራውዘሩን (ኢንተርኔት የምትከፍቱበትን ክሮም፣ ኤጅ ወይም ፋየርፎክስ) ደረጃዎች ልትከተሉ ትችላላችሁ።
- የኮምፒውተሩ የአድሚን ፓስወርድ። ያለሱ ብዙ ፕሮግራሞችን ማጥፋት አትችሉም።
- የጂሜይልና የሌሎች አካውንቶቻችሁ ፓስወርድ። ደረጃ 7 ላይ ከዌብሳይቶች ስለሚያስወጣችሁ መልሳችሁ ለመግባት ያስፈልጋችኋል።
- ትንሽ ዳታ። እስከ ደረጃ 5 ድረስ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል ማለት ይቻላል።
- ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት የማይቆራረጥበት ሰዓት ምረጡ፤ ስካኑ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ብቅ የሚለው ሳጥን ላይ የዌብሳይት ስም ይጻፋል። እሱን መዝግቡ፣ ቶሎ ትፈልጉታላችሁ።

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩ

ሁሉም ማስታወቂያ ከአንድ ቦታ አይመጣም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ያልታመመውን ቦታ ስታክሙ ትውላላችሁ።

ጥግ ላይ ብቅ የሚል ሳጥን ከሆነና ሳጥኑ ላይ ክሮም ወይም ኤጅ የሚል ስም ወይም የዌብሳይት አድራሻ ካለ፣ ደረጃ 2 ነው። አንድ ገጽ ስትነኩ ያላሰባችሁት ሌላ ታብ የሚከፈት ከሆነ ደረጃ 3 እና 4 ነው። ብራውዘር ጨርሶ ሳትከፍቱ የራሱ መስኮት ይዞ የሚመጣ ከሆነ ደረጃ 5 እና 6። ስክሪኑን በሙሉ ሸፍኖ ድምፅ የሚያሰማና ስልክ ደውሉ የሚል ከሆነ አሁኑኑ ደረጃ 1ን አንብቡ።

ደረጃ 1፦ ስክሪኑን የሸፈነውን ገጽ ዝጉ

አትደናገጡ። ይሄ ተራ የኢንተርኔት ገጽ ነው። የሚጮኸው ድምፅም፣ «ስካን» ሲያደርግ የሚታየው ቁጥርም ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ ፋይላችሁን አላየም። የሚፈልገው እናንተ ደንግጣችሁ የተጻፈውን ስልክ እንድትደውሉ ነው። ማይክሮሶፍት በስህተት መልእክቶቹ ላይ ስልክ ቁጥር አይጽፍም። ቁጥር ካያችሁ አጭበርባሪ ነው፣ በቃ።

የኤስኬፕ ቁልፍን ተጭናችሁ ያዙ፤ ሙሉ ስክሪኑን ይለቃል። ከዚያ ኦልት እና ኤፍ 4ን አብራችሁ ተጫኑ። እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ብራውዘራችሁን ምረጡና «ኤንድ ታስክ» በሉት።

ብራውዘሩን መልሳችሁ ስትከፍቱ የነበሩትን ገጾች ልመልስ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። «ሪስቶር» አትበሉ፤ ያንኑ ገጽ መልሶ ያመጣዋል።

ማስታወቂያው ውስጥ ያለውን የኤክስ ምልክትም አትንኩ። ብዙ ጊዜ መዝጊያ ሳይሆን መዝጊያ የሚመስል ሥዕል ነው፣ ስትነኩት ማስታወቂያውን እንደ መክፈት ነው። መዝጋት ያለባችሁ በኪቦርድ ወይም በራሱ በብራውዘሩ ታብ ነው።

ደረጃ 2፦ የኖቲፊኬሽን ፈቃዱን ንጠቁ

ዋናው ይሄ ነው፣ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ በነፃ ለማየት፣ ፊልም ለማውረድ ወይም የዩቲዩብ ዘፈን ወደ ኤምፒ3 ለመቀየር አንድ ገጽ ትከፍታላችሁ። ገጹ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» ይላል። ትጫናላችሁ። በዚያች ቅጽበት ዌብሳይቱ በፈለገ ሰዓት ስክሪናችሁ ላይ መልእክት እንዲልክ ፈቀዳችሁለት። እውነተኛ የሮቦት ማረጋገጫ ሥዕል ያስመርጣችኋል ወይም ሳጥን ላይ ምልክት ያስደርጋችኋል እንጂ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም።

አንቲቫይረስ ስካን አድርጎ ምንም አላገኘሁም የሚለውም ለዚህ ነው። በራችሁን ከፍታችሁ ያስገባችሁት እንግዳ ስለሆነ ሌባ ፈላጊው አያየውም። ማስወጣት የምትችሉት እናንተው ናችሁ።

በክሮም፦ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ፣ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ»። ወደ ታች ስትወርዱ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ዌብሳይቶች ዝርዝር ታገኛላችሁ። ወረቀታችሁ ላይ የጻፋችሁት ስም እዚያ ውስጥ ይኖራል። የማታውቁት ስም ሁሉ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና «ብሎክ» በሉት። «ሪሙቭ» የሚልም አለ፤ እሱ ግን ከዝርዝሩ ያወጣዋል እንጂ ዳግም እንዳይጠይቃችሁ አያግደውም። ለዚህ ነው ብሎክ የምመክራችሁ። ጂሜይል ወይም ቴሌግራም ዌብ ካያችሁና የምትጠቀሙበት ከሆነ ተዉት፣ እሱ ደህና ነው።

እዚያው ገጽ አናት ላይ ዌብሳይቶች ኖቲፊኬሽን እንዳይጠይቁ የሚከለክል ምርጫ አለ። እሱን ምረጡ። የዛሬውን ብቻ አጥፍታችሁ ይህን ከዘለላችሁት በሚቀጥለው ጨዋታ ቀን ሌላ ዌብሳይት ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

በኤጅ፦ ቦታው ከእትም እትም ስለሚለያይ ሴቲንግስ ውስጥ ባለው የመፈለጊያ ሳጥን «ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ያደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ አሠራሩ እንደ ክሮም ነው።

በፋየርፎክስ፦ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ወደ ታች ወርዳችሁ «ፐርሚሽንስ» ስር ኖቲፊኬሽንስ አጠገብ ያለውን «ሴቲንግስ» ተጫኑ። የማታውቁትን አስወጡ፣ አዲስ ጥያቄ እንዳይመጣ የሚያግደው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ሴቭ ማድረግ አትርሱ። ሴቭ ካላደረጋችሁ ምንም አልተለወጠም።

«ብራውዘሩን ዘግቼውም ይመጣል» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ክሮም ተዘግቶም ከጀርባ ሊሠራ ይችላል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለው ስር ክሮም ሲዘጋ ከጀርባ መሥራቱን እንዲቀጥል የሚፈቅደውን ማብሪያ አጥፉት።

ቤት ውስጥ ልጆችም ወላጆችም በየራሳቸው የክሮም ፕሮፋይል የሚገቡ ከሆነ ይህን ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል መድገም አለባችሁ። ፈቃዱ የሚቀመጠው በየፕሮፋይሉ ነው።

ደረጃ 3፦ አዲስ መስኮት የሚከፍቱትን ዝጉ

እዚያው «ሳይት ሴቲንግስ» ውስጥ «ፖፕአፕስ ኤንድ ሪዳይሬክትስ» የሚል አለ። የማይፈቅደው ምርጫ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፣ የተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥም የማታውቁትን አስወጡ። ፋየርፎክስ ላይ ፖፕአፕ መስኮቶችን አግድ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት መኖሩን እዩ።

አንዳንድ የባንክና የመሥሪያ ቤት ዌብሳይት ደረሰኝ የሚያሳየው በአዲስ መስኮት ነው። እሱ እንቢ ካላችሁ ለዚያ ዌብሳይት ብቻ ፍቀዱ፤ ለሁሉም አትክፈቱ።

ደረጃ 4፦ ኤክስቴንሽኖችን ፈትሹ

ኤክስቴንሽን ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሦስቱን ነጥቦች ተጫኑ፣ «ኤክስቴንሽንስ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ»። ያለውን ሁሉ ለጊዜው አጥፉት። ብራውዘሩን ዝጉና ክፈቱ፣ ጥቂት ተጠቀሙበት። ማስታወቂያው ከቆመ ጥፋተኛው ከእነሱ አንዱ ነው ማለት ነው። አንድ በአንድ እያበራችሁ የትኛው እንደሆነ ያዙትና «ሪሙቭ» አድርጉት።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ኤክስቴንሽን የምትከፍቱትን ገጽ ሁሉ የማንበብና የመለወጥ ፈቃድ ይዞ ነው የሚገባው። በዚያ ፈቃድ የትኛውም ገጽ ላይ የራሱን ማስታወቂያ ሊለጥፍ ይችላል፤ ጉዳዩ የማስታወቂያ ብቻም አይደለም፣ የምትጽፉትንም ሊያይ ይችላል። እኔ በተለይ የምጠረጥራቸው ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ ቪዲዮ ማውረጃ፣ ቅናሽ ፈላጊና መነሻ ገጽ የሚቀይሩትን ነው። ሁሉም መጥፎ ናቸው ማለቴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚገኘው እነሱ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ማጥፊያው ካልሠራና ሜኑው ግርጌ ላይ ብራውዘራችሁ በድርጅት እንደሚተዳደር የሚገልጽ ጽሑፍ ካያችሁ ልብ በሉ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ የተለመደ ነው። የግል ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን አንድ ፕሮግራም ገብቶ ብራውዘሩን በራሱ ሕግ አስሮታል። አንዳንድ ደህና አንቲቫይረሶችም ይህን ያመጣሉ፣ ስለዚህ ወዲያው አትፍረዱ። ደረጃ 5 እና 6ን ጨርሳችሁ ተመልሳችሁ እዩት።

ደረጃ 5፦ ሳትፈልጉት የገባውን ፕሮግራም አስወጡ

ዊንዶውስ 11 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ኢንስቶልድ አፕስ»። ዊንዶውስ 10 ላይ «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ» ይባላል። ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ደርድሩት። ማስታወቂያው የጀመረው መቼ ነው? በዚያ ሰሞን የገባውን ፈልጉ። አንድ ነፃ ፕሮግራም ስትጭኑ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያላችሁ ካለፋችሁ ሁለት ሦስት ሌላ ነገር አብሮ ገብቶ ይሆናል። ኮምፒውተር አፋጥናለሁ፣ ድራይቨር አድሳለሁ የሚሉ፣ ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቁት ነፃ ቪፒኤንና ቱልባር ካያችሁ አንኢንስቶል አድርጉ።

ሲወጡም ያታልላሉ። ትልቁ ባለቀለም በተን «ይቆይልኝ» የሚለው ይሆንና እውነተኛው ማጥፊያ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። አንብባችሁ ተጫኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ የማታውቁትን ሁሉ አትጥረጉ። ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚል ስም ደጋግማችሁ ታያላችሁ፤ ተዉት፣ ካጠፋችሁት ሌሎች ፕሮግራሞች አንከፈትም ይላሉ። ኢንቴል፣ ሪያልቴክ፣ ኤኤምዲ የሚሉትም የኮምፒውተሩ ድምፅና ስክሪን የሚሠሩባቸው ናቸው። ፓወር ግዕዝ ወይም ኪይማን ደግሞ አማርኛ የምትጽፉበት ነው፤ የማይታወቅ ፕሮግራም መስሏችሁ እንዳታጠፉት።

ከዚያ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና «ስታርታፕ» የሚለውን እዩ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ የማታውቁት ነገር ካለ «ዲሴብል» አድርጉ። ይህ አያጠፋውም፣ ግን ራሱ እንዳይነሳ ያደርገዋል፤ ከተሳሳታችሁም መልሳችሁ ማብራት ትችላላችሁ።

ደረጃ 6፦ ስካን አድርጉ

ሌላ አንቲቫይረስ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ዊንዶውስ የራሱ አለው። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»ን ክፈቱ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ግቡ።

ሀ. ከሁሉ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን እዩ። ይህ ስካኑ አልፏቸው እንዲሄድ የተነገረው የፋይሎች ዝርዝር ነው። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) ፕሮግራም ጭናችሁ ከነበረ ራሱን እዚያ ውስጥ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። እናንተ ያላስገባችሁት ነገር ካለ አውጡት። ይህን ካላያችሁ ስካኑ አጠገቡ ያለውን እየዘለለ «ምንም የለም» ይላችኋል።

ለ. አፕዴት አድርጉ። የድሮ ዝርዝር ይዞ አዲሱን አያውቀውም።

ሐ. «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፉል ስካን» ምረጡ። ፋይል የበዛበትና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰዓታት ይፈጃል፤ ለሊት ትታችሁት ተኙ።

መ. የተገኘው ነገር እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ እዚያው ያለውን «ኦፍላይን ስካን» ተጠቀሙ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ራሱ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ አካባቢ ነው። መጥፎው ፕሮግራም ሥራ ላይ ስላልሆነ መደበቅ አይችልም። የከፈታችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጋችሁ ግቡበት።

ሠ. «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል» ውስጥ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግድ ማብሪያ አለ፤ አብሩት። ማስታወቂያ አምጪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚመደቡት በዚህ ክፍል እንጂ በቫይረስ አይደለም።

ከዚህ በኋላም ካልቆመ የማልዌርባይትስ ድርጅት በነፃ የሚሰጠው አድውክሊነር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ኢንስቶል መደረግ አያስፈልገውም፣ ብዙ ዳታም አይበላም። የምታወርዱት ግን ከራሱ ከድርጅቱ ዌብሳይት ይሁን።

ደረጃ 7፦ ብራውዘሩን ወደ መጀመሪያው መልሱት

ክሮም «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሪሴት ሴቲንግስ» አለ። ቡክማርክ፣ ሂስትሪና ያስቀመጣችኋቸው ፓስወርዶች አይጠፉም። ኤክስቴንሽኖች ሳይሰረዙ ሥራ ያቆማሉ፣ መነሻ ገጹና መፈለጊያው ይመለሳል፣ ኩኪስ (ዌብሳይቶች እናንተን ለማስታወስ የሚያስቀምጡት መረጃ) ስለሚሰረዝ ከገባችሁባቸው ዌብሳይቶች ያስወጣችኋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያያት ቦታ አለች። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የክሮም ምልክት ራይት ክሊክ አድርጉና «ፕሮፐርቲስ» ግቡ። «ታርጌት» የሚለው ሳጥን ውስጥ ከፕሮግራሙ ስም በኋላ የዌብሳይት አድራሻ ተለጥፎ ካገኛችሁ፣ ክሮም በተከፈተ ቁጥር ያ ማስታወቂያ የሚመጣው በእሱ ነው። አድራሻውን ብቻ አጥፉ፣ ወይም ምልክቱን ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ።

ደረጃ 8፦ እንዳይመለስ አድርጉ

ፋየርፎክስ የምትጠቀሙ ዩብሎክ ኦሪጅን፣ ክሮም ወይም ኤጅ የምትጠቀሙ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት ጫኑ። ሁለቱም ማስታወቂያ የሚያግዱ ነፃ ኤክስቴንሽኖች ናቸው፣ የሠራቸውም ሬይመንድ ሂል ነው። ስም አስመስለው የሚወጡ ሌሎች ስላሉ የሠሪውን ስም ሳታዩ አትጫኑ። ጥቅሙ ሰላም ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ማስታወቂያው ስለማይወርድ ፓኬጃችሁም ይቆጥብላችኋል።

ትንሽ ደፈር የምትሉ ዲኤንኤስ (የዌብሳይት ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) መቀየር ትችላላችሁ። ዊንዶውስ 11 ላይ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ዋይፋይ»፣ «ሃርድዌር ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን «ማንዋል» አድርጋችሁ 94.140.14.14 እና 94.140.15.15 አስገቡ። አድጋርድ የሚባል ድርጅት አገልግሎት ነው፤ የታወቁ የማስታወቂያ አድራሻዎች እንዳይከፈቱ ያደርጋል። የዩቲዩብን ማስታወቂያ ግን አያስቆምም፣ ያንን አትጠብቁ። ኢንተርኔቱ እንቢ ካላችሁ ወደ «አውቶማቲክ» መልሱት።

ዊንዶውስ 10 ላይ ላላችሁ፣ መደበኛው ነፃ አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ኮምፒውተራችሁ 11ን መቀበል የሚችል ከሆነ አሳድጉት። ካልሆነ ቢያንስ ብራውዘራችሁ ሁልጊዜ አዲሱ ይሁን።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ሂስትሪና ኩኪስ አጥፍቶ ጨረስኩ ማለት። የኖቲፊኬሽኑ ፈቃድ በዚህ አይነካም።

ማስታወቂያው ራሱ «ይህን ማጽጃ ግዙ» ሲል መግዛት። የሚያስፈራራችሁና መድኃኒቱን የሚሸጥላችሁ አንድ ሰው ነው።

ጉግል ላይ የፕሮግራም ስም ጽፎ አናት ላይ የመጣውን መክፈት። አናት ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው፣ የውሸት ማውረጃ ገጾችም በዚያ ይገባሉ።

ፎርማት ካስደረጉ በኋላ ያንኑ ክራክ ከዚያው ፍላሽ መልሶ መጫን። ሌላም አለ፤ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ላይ ክሮም ውስጥ ስትገቡ ሲንክ (የክሮም ነገሮቻችሁን በአካውንታችሁ ይዞ የሚያመላልሰው) በርቶ ከሆነ የድሮው ኤክስቴንሽን ተከትሏችሁ ይመጣል። ስለዚህ ደረጃ 4ን መጀመሪያ ጨርሱ።

ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ማስኬድ። እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ኮምፒውተሩም ይንቀራፈፋል።

ስልኩን ደውላችሁ ከነበረ

ይሄኛው አይደር። ደውላችሁ ሰውዬው ከርቀት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ከገባ፣ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፉ። ኤኒዴስክ ወይም መሰል የርቀት መግቢያ ፕሮግራም አስጭኗችሁ ከሆነ አንኢንስቶል አድርጉ። ከዚያ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የኢሜይላችሁንና የባንካችሁን ፓስወርድ ቀይሩ፤ በዚያው ኮምፒውተር ከቀየራችሁት አዲሱንም ሊያየው ይችላል። የካርድ ቁጥር ሰጥታችሁ ከነበረ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ባንካችሁን ደውላችሁ አሳግዱት። ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ያሏችሁ ይህን ክፍል በቃል ንገሯቸው። እንግሊዝኛውን በደንብ ስለማያነቡት ቀዩን ምልክትና ስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያዩት።

ሁሉንም ሞክራችሁ አሁንም ብቅ የሚል ከሆነ ጠይቁኝ። ስትጠይቁኝ ግን አራት ነገር ይዛችሁ ኑ፦ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የዌብሳይት ስም፣ የምትጠቀሙት ብራውዘር፣ የዊንዶውስ እትማችሁ፣ ብራውዘሩ ተዘግቶም ይመጣ እንደሆነ። ስክሪንሹት ስትልኩ የኢሜይል አድራሻችሁንና የግል ጽሑፋችሁን ሸፍኑት።